ስለ ሶላቱ ጠየቅን፤ ስለ ደሙስ?



ባለፈው የሴሚስተር እረፍት ከመካከላችን አንዱ ወደ ቤተሰቡ ሄዶ ሲመለስ ይዞት የመጣው ወሬ ለዚህ ጽሑፍ ሰበብ ሆነ። አክስቱ ወደ አኼራ ሄደዋል፤ አላህ ይዘንላቸው። የስድስት ልጆች እናት ነበሩ። ሶላታቸውን የማያሳልፉ፣ ሰፈሩ ሲታመም ቀድመው የሚጠይቁ ሴት ነበሩ። የወር አበባቸው ከቆመ ሁለት ዓመት ካለፈ በኋላ እንደገና ደም ማየት ጀመሩ። ለባላቸው አልተናገሩም። ጤና ጣቢያም አልሄዱም። ልጃቸውን ወደ ሰፈሩ ኡስታዝ ላኩ፤ «ደሙ አልቆም ብሎኛል፤ ልስገድ ወይስ ልተው?» ብለው። ኡስታዙም በፊቅህ የታወቀውን መለሱላቸው። ይህ ኢስቲሓዳ ነው፤ ይታጠቡ፣ ለየሶላቱ ውዱእ ያድርጉ፣ ይስገዱ። እሳቸውም እንደተባሉት ከአንድ ዓመት በላይ ሰገዱ። መጀመሪያ ወገባቸውን ማመም ጀመራቸው፣ ቀጥሎ አንድ እግራቸው አበጠ። ያኔ ሐኪም ቤት ተወሰዱ። የማህፀን በር ካንሰር ነበር፤ ከማህፀኑም አልፎ ሄዷል።

ኡስታዙ አልተሳሳቱም። የተጠየቁት ስለ ሶላት ነው፣ የመለሱትም ስለ ሶላት ነው። እኛን እንቅልፍ የነሳን ሌላ ነገር ነው። ገና በመድረሳ ሳለን ስለ ሐይድና ስለ ኢስቲሓዳ ስንማር የፊቅህ ኪታቦቹ ራሳቸው ኢስቲሓዳን የሕመም ደም እንደሚሉት ተምረናል። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ፋጢማ ቢንት አቢ ሑበይሽ በጠየቀቻቸው ጊዜ ደሙን ከደም ሥር ጋር አያይዘው ነው የነገሯት። ማለትም «ሕመም» የሚለው ቃል ከድሮም በኪታቡ ውስጥ ነበረ። እኛ ግን ሶላቱን የሚመለከተውን ገጽ አንብበን ሕመሙን የሚመለከተውን ቃል ዘለልነው።

ይህን ጉዳይ ወንድሞችም እህቶችም በሚያነቡት ጋዜጣ ላይ ማንሳቱ ሐያእን ይነካል ያሉ ወንድሞች ነበሩ። ተወያየንበት። የአንሷር ሴቶች ሐያእ ዲናቸውን ከመጠየቅ እንዳላገዳቸው እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) አመስግነዋቸዋል። እነሱ ከጠየቁት ይልቅ እኛ የምንጽፈው የሚከብድ አልመሰለንም።

የማህፀን በር ማለት የማህፀን የታችኛው ጠባብ ጫፍ ነው፤ ልጅ ሲወለድ የሚከፈተው። እዚያ የሚነሳው ካንሰር ከሌሎች ብዙ ካንሰሮች የሚለይበት አንድ ነገር አለ፤ መነሻው ይታወቃል። ከሞላ ጎደል ሁሉም የሚመጣው ሂውማን ፓፒሎማ ከሚባል፣ በአጭሩ ኤች ፒ ቪ ከምንለው ቫይረስ ነው። ሃራልድ ዙር ሃውዘን የተባለ ጀርመናዊ ሳይንቲስት ይህንን በማረጋገጡ በ2008 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተሰጥቶታል። የቫይረሱ ዓይነቶች ከ200 በላይ ናቸው። አብዛኞቹ ጉዳት የላቸውም፤ አንዳንዱ ተራ ኪንታሮት ብቻ ያወጣል። 16 እና 18 የሚል ቁጥር የተሰጣቸው ሁለቱ ግን ብቻቸውን በዓለም ላይ ካለው የማህፀን በር ካንሰር 70 በመቶ ያህሉን ያመጣሉ።

ቫይረሱ በብዛት የሚተላለፈው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ሲሆን እጅግ የተስፋፋ ነው። አብዛኛው ሰው በሕይወቱ በሆነ ጊዜ ይይዘዋል፤ ሳያውቀውም በአንድ ወይም በሁለት ዓመት ውስጥ ሰውነቱ ያስወግደዋል። ችግሩ የሚመጣው በጥቂቶቹ ላይ ሳይወገድ ሲቀር ነው። በምሕንድስና ትምህርታችን ስለ ብረት ድካም የተማርን ሰዎች ነገሩ ወዲያው ይገባናል። ድልድይ በአንድ ቀን አይወድቅም። መጀመሪያ በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ይፈጠራል። ጭነቱ በተመላለሰ ቁጥር ስንጥቁ በጥቂት በጥቂቱ ይረዝማል። ለዓመታት ድልድዩ ላይ መኪና ያልፋል፣ ማንም ምንም አያይም። ስንጥቁ የተወሰነ ርዝመት ላይ ሲደርስ ግን የቀረው ጊዜ አጭር ነው። የማህፀን በር ሴሎችም እንዲሁ ናቸው። ጤነኛ ከሆነው ሴል ወደ ካንሰር ለመድረስ በአብዛኛው ከ15 እስከ 20 ዓመት ይፈጃል። የመከላከል አቅሟ በተዳከመ ሴት፣ ለምሳሌ ኤች አይ ቪ ኖሮባት ሕክምና ባልጀመረች ሴት፣ ከ5 እስከ 10 ዓመት ሊያጥር ይችላል። ይህ ሁሉ ጊዜ ስንጥቁን ለመፈለግና ለመጠገን የተሰጠን ጊዜ ነው። እኛ ጋ የሚባክነውም ይኸው ጊዜ ነው።

በአገራችን ይህ በሽታ በሴቶች ላይ ከሚታዩ ካንሰሮች ከጡት ካንሰር ቀጥሎ ሁለተኛው ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. በወጣ ግምት በዓመት ከ7 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ሴቶች ይያዛሉ፣ ከ5 ሺህ በላይ ይሞታሉ። ሁለቱን ቁጥሮች አስተያዩአቸው። የሟቾቹ ቁጥር ከታማሚዎቹ ይህን ያህል የተጠጋው በሽታው መድኃኒት ስለሌለው አይደለም፤ በጊዜ ከተገኘ የሚድን ካንሰር ነው። ሴቶቹ የሚደርሱት ዘግይተው ስለሆነ ነው። ሲዘገይ ደግሞ የጨረር ሕክምና ያስፈልጋል። ይህ ሕክምና ለረጅም ዓመታት በመላ አገሪቱ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር የሚገኘው። እነ ጅማ የተጨመሩት በቅርቡ ነው። ከገጠር የመጣች እናት አዲስ አበባ ቤት ተከራይታ ተራ መጠበቅ ምን ማለት እንደሆነ ቤተሰቡ ላይ የደረሰ ያውቀዋል።

እናቶቻችን ስለዚህ ምን ያውቃሉ? የእህቶች ክፍል አባላት በእረፍቱ ወደየቤታቸው ሲሄዱ ቡና ላይ ተቀምጠው እንዲጠይቁ ተስማምተን ነበር። ጥናት አይደለም፤ ጨዋታ ነው። ቢሆንም ብዙ ተማርንበት። «ካንሰር» የሚለውን ቃል ያልሰማች እናት አላጋጠመቻቸውም። «የማህፀን በር» ሲባል ግን ብዙዎቹ ከማህፀን መውጣት ወይም ከወሊድ ቁስል ጋር ቀላቅለውታል። ከቫይረስ ይመጣል ያለች እናት አልነበረችም። በጤና ጣቢያ ምርመራው እንዳለ የሰሙ ነበሩ፤ የተመረመሩት በጣት ይቆጠራሉ። ያልተመረመሩበትን ምክንያት ሲጠየቁ የመጣው መልስ አንድ ዓይነት ነው። «ምን ሆኜ?» አሉ። ሕመም የሌለው ሰው ሐኪም ቤት ምን ይሠራል?

ስለ ልጆቻቸው ክትባት ሲነሳ ግን ነገሩ ተለወጠ። እዚህ ላይ የጠበቅነው ሌላ፣ ያገኘነው ሌላ ነው። እኛ «አናስከትብም» የሚል ድርቅ ያለ እምቢታ ነበር የጠበቅነው። ያገኘነው ጥያቄ ነው። ማንም ቁጭ ብሎ ስላልመለሰላቸው ወደ ጥርጣሬ የተለወጠ ጥያቄ። በአገራችን በየዩኒቨርሲቲው የተሠሩ ጥናቶችም የሚያሳዩት ተመሳሳይ ነገር ነው፤ ስለ በሽታው የሰማች እናት ካልሰማችው ይልቅ ልጇን ለማስከተብ ፈቃደኛ ናት። ስለዚህ ጥያቄዎቻቸውን እንደመጡ እናንሳቸው።

የመጀመሪያው፣ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ የሚጠየቀው፣ «ልጄ ጨዋ ናት፤ በግንኙነት የሚመጣ በሽታ ከሆነ እሷን ምን አገባት?» የሚለው ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ከዚና መራቅም ከዚህ በሽታ እንደሚጠብቅ ጥርጥር የለውም። ነገር ግን ልጅቱ ኢንሻ አላህ ነገ ኒካሕ ታስራለች። ባሏ ከኒካሕ በፊት እንዴት እንደኖረ በምን ታውቃለች? ምናልባት ወጣትነቱን አበላሽቶ ተውበት ያደረገ፣ ዛሬ ከመስጂድ የማይጠፋ ሰው ሊሆን ይችላል። ተውበት ወንጀልን ያብሳል፤ በሰውነት ውስጥ የቀረ ቫይረስ ግን የራሱ ሕግ አለው፣ በወንዱም ላይ በአብዛኛው ምንም ምልክት አያሳይም። ከዚያ ቀድሞ አግብታ የፈታችን፣ ባሏ የሞተባትን፣ በሐላል ሁለተኛ የምታገባንም አስቡ። ባሏ ሁለት ሚስት ያለው ሴትም አለች። በእነዚህ ሁሉ ውስጥ አንዲት ሐራም የለችበትም፤ ቫይረሱ ግን ሊገባ ይችላል። ክትባቱ ስለ ልጅቷ ጠባይ የሚሰጥ ምስክርነት አይደለም። ቤት ስንሠራ የመሬት መንቀጥቀጥን አስበን ብረት የምንጨምረው ባለቤቱን ስለምንጠረጥር ነው እንዴ?

ከዚሁ ጋር አንድ ነገር መናገር ግድ ይለናል። በዚህ በሽታ የተያዘችን ሴት «የት አግኝታው ነው?» ብሎ ማማት በአንዳንድ አካባቢ ይሰማል። ቫይረሱ በሰውነት ውስጥ ለአሥርት ዓመታት ተደብቆ ሊቆይ እንደሚችል የሚያውቅ ሰው እንዲህ አይልም። ንጹሕ ሴትን በዚና መጠርጠር በዲናችን ምን ያህል ከባድ ወንጀል እንደሆነም ለእናንተ አንነግርም። እናቶች ደማቸውን የሚደብቁት በከፊል ይህን ሐሜት ፈርተው ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ «መካን ያደርጋል ይባላል» የሚለው ነው። ይህ ወሬ ከኤች ፒ ቪ ክትባት በፊትም ነበረ። በ2003 እ.ኤ.አ. በሰሜን ናይጄሪያ፣ በካኖ፣ የፖሊዮ ክትባት ሙስሊም ሴቶችን ለማምከን የመጣ ነው ተብሎ ቆመ። በሚቀጥለው ዓመት ከሙስሊሟ ኢንዶኔዥያ የተሠራ ክትባት መጥቶ እንደገና ተጀመረ። በመሐሉ ግን ፖሊዮ ወደ ብዙ አገሮች ተሰራጨ። በሱዳን በኩል አድርጎ እኛም አገር ደርሶ ነበር። ሽባ የሆኑት የሙስሊም ልጆች ነበሩ። የኤች ፒ ቪ ክትባት ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የክትባት ደኅንነት ኮሚቴ በ2017 እ.ኤ.አ. ጉዳዩን ሲመረምር እስከዚያ ከ270 ሚሊዮን ዶዝ በላይ ተሰራጭቶ ነበር። ከመካንነት ጋር የሚያያይዘው ማስረጃ አልተገኘም። የሚያመክነውስ ካንሰሩ ነው። አንዲት ወጣት ሴት በዚህ በሽታ ስትያዝ ሕክምናው ማህፀኗን እስከማውጣት ሊደርስ ይችላል።

«እሺ፣ ውስጡ ምንድን ነው? ሐላል ነው?» ይህን የጠየቁት አንዲት አያት ናቸው፤ ለእኛ ለምሕንድስና ተማሪዎች ደግሞ ከሁሉም የሚጣፍጠው ጥያቄ ይህ ነው። በ1991 እ.ኤ.አ. በአውስትራሊያ የኩዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲ ጂያን ዡና ኢያን ፍሬዘር የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች የቫይረሱን ቅርፊት ብቻ፣ ያለ ውስጡ፣ መሥራት ቻሉ። ቅርፊቱ ከአንድ ዓይነት ፕሮቲን የተሠሩ 72 ቁርጥራጮች ራሳቸውን በራሳቸው ገጣጥመው የሚፈጥሩት ኳስ ነው። ማንም ብሎን አያጠብቅለትም። በኳሱ ውስጥ የቫይረሱ ዘረመል የለም፤ ስለዚህ ሊራባም ሊያሳምምም አይችልም። ሰውነት ግን ከውጭ ሲያየው እውነተኛው ቫይረስ ይመስለውና መከላከያውን ያዘጋጃል። ጂያን ዡ በ1999 እ.ኤ.አ. ስለሞተ ክትባቱ ለሰው ሲደርስ አላየም። በብዛት የሚታወቀው ጋርዳሲል ፕሮቲኑ የሚመረተው በእርሾ ነው፤ ዳቦ በሚያስነሳው በዚያው የእርሾ ዝርያ። ሙስሊሞች በክትባት ላይ አብዝተን የምንጠይቅበት ጄላቲንም የለበትም። ማሌዥያ በ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በትምህርት ቤት ለልጃገረዶቿ ትሰጣለች። ኢንዶኔዥያም፣ ባንግላዴሽም፣ ሞሪታኒያም ይሰጣሉ።

«ለምን በነፃ? ለምን ለሴቶች ብቻ?» የሚሉም ነበሩ። ክትባቱ በገበያ ውድ ነው፤ ለእኛ ዓይነት አገሮች ጋቪ የተባለው ዓለም አቀፍ ጥምረት ወጪውን ስለሚጋራ ነው ነፃ የሆነው። ለሴቶች ብቻ የሆነው ደግሞ የማህፀን በር ያላቸው እነሱ ስለሆኑና ክትባቱ ለሁሉም የማይበቃ ስለነበረ ነው። አውስትራሊያ ከ2013 እ.ኤ.አ. ወዲህ ለወንዶችም ትሰጣለች።

በአገራችን ክትባቱ በመደበኛነት የተጀመረው በ2011 ዓ.ም. ሲሆን በዓለም ላይ እጥረት ስለነበረ ለ14 ዓመት ልጃገረዶች ብቻ፣ በስድስት ወር ልዩነት ሁለት ጊዜ ይሰጥ ነበር። በኅዳር 2017 ዓ.ም. ግን ከ9 እስከ 14 ዓመት ላሉ ከ7 ሚሊዮን በላይ ልጃገረዶች በዘመቻ እንዲሰጥ ታቀደ፤ አሁን አንድ ጊዜ ብቻ መወጋት ይበቃል። አንዳንድ እናቶች «በፊት ሁለት ነበር፣ አሁን አንድ ሆነ፤ እየሞከሩብን ነው» ማለታቸውን ሰምተናል። አይደለም። በጎረቤታችን በኬንያ የተደረገውን ጨምሮ የተለያዩ ጥናቶች አንዱ ዶዝ በቂ መሆኑን ስላሳዩ የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. ምክሩን ቀየረ። በዚህ ዕድሜ የሚሰጠው ሰውነት በልጅነት ጠንካራ መከላከያ ስለሚሠራና ክትባቱ ቫይረሱ ከመግባቱ በፊት ብቻ ስለሚከላከል ነው፤ የገባውን አያስወጣም። ክንድ ላይ ይወጋል፣ ያማል፣ ትንሽ ሊያተኩስ ይችላል። ልጆች መርፌ ሲያዩ ስለሚደነግጡና ራሳቸውን ሊስቱ ስለሚችሉ 15 ደቂቃ ቁጭ ማለት ጥሩ ነው።

ውጤቱስ? በስዊድን ወደ 1.7 ሚሊዮን የሚጠጉ ሴቶች ተከታትለው በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት ከ17 ዓመታቸው በፊት በተከተቡት ላይ በሽታው በ88 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። በስኮትላንድ ደግሞ በ12 እና በ13 ዓመታቸው ከተከተቡት መካከል በ2024 እ.ኤ.አ. በወጣው ጥናት አንድም ታማሚ አልተገኘም።

እዚህ ላይ ብናቆም ግን የጓደኛችንን አክስት እንረሳለን። ክትባቱ ለልጅቷ ነው፤ ለእናቲቱ ምርመራው ነው። በአገራችን ከ30 እስከ 49 ዓመት ያሉ ሴቶች እንዲመረመሩ ይመከራል፤ ኤች አይ ቪ ያለባት ሴት ቀደም ብላ ትጀምራለች። በብዙ ጤና ጣቢያ የሚደረገው ምርመራ የሚገርም ቀላል ነው። ወጥ ቤት በምናውቀው በአቼቶ ውስጥ ያለው አሲድ በውኃ ቀጥኖ የማህፀን በር ላይ ይቀባል። ደቂቃ ያህል ይጠበቃል። የተለወጡ ሴሎች ካሉ ነጭ ሆነው ይታያሉ። በምሕንድስና ስንጥቅን በቀለም እንደምንፈልገው ማለት ነው። ነጭ ከታየና ለሕክምናው የሚመች ከሆነ ብዙ ጊዜ በዚያው ቀን በቅዝቃዜ ወይም በሙቀት ይጠፋል። አልጋ መያዝ የለም። እናቶች ሴት ባለሙያ እንድትመረምራቸው መጠየቅ ይችላሉ፤ ሴት ባለሙያ የምትገባበትን ቀን ቀድሞ መጠየቅ ደግሞ የልጅ ሥራ ነው። ከወር አበባ ውጪ፣ ከግንኙነት በኋላ ወይም የወር አበባ ከቆመ በኋላ ደም ያየች ሴት ግን ዕድሜዋ ምንም ቢሆን የምርመራ ዘመቻ መጠበቅ የለባትም።

ሌላው የሚያሳስበን መድረሳው ነው። ክትባቱ በዋናነት የሚሰጠው በትምህርት ቤት ነው። ብዙዎቻችን ጠዋት በመንግሥት ትምህርት ቤት፣ ከሰዓት በመድረሳ ያደግን ነን፤ ስለዚህ አያመልጠንም ነበር። ነገር ግን በመድረሳ ብቻ የምትማር፣ ወይም ከአራተኛ ክፍል አቋርጣ ቤት የቀረች የ12 ዓመት ልጅ ስም በየትኛው መዝገብ ላይ ይገኛል? የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት ይሞክራሉ፤ ቤቱን ካላወቁት ግን ያልፉታል። በየሰፈራችን ያለው መድረሳ የልጃገረዶቹን ስምና ዕድሜ ጽፎ ለጤና ጣቢያው ቢሰጥ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ኡስታዞቻችንም ስለ ኢስቲሓዳ ሲጠየቁ ከፈትዋው ቀጥለው «ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ታዩ» ቢሉ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ይህንን ለሁለት ኡስታዞች አንስተንላቸው ነበር። አንደኛው ዝም ብለው ቆዩና «ስንት ሰው ጠይቆኛል መሰላችሁ» አሉን።

ይህንን ጽሑፍ እያዘጋጀን ሳለ ከመካከላችን አንዷ እናቷ ጋ ደውላ ታናሽ እህቷ መከተቧን ጠየቀች። ልጅቷ 13 ዓመቷ ነው። እናትየው «ተከትባለች፤ ክንዴን አመመኝ ብላ ሁለት ቀን ዕቃ አላጠበችልኝም» አሉ። ከዚያ ልጃቸው ስለ አቼቶው ምርመራ ነገረቻቸው። ዝም አሉ። ዕድሜያቸው 44 ነው። «እኔ ደግሞ ምን ሆኜ?» አሉ፣ እንደ ሌሎቹ ሁሉ። እሷም ስለ ጓደኛችን አክስት ነገረቻቸው፤ ስለ ሶላቱም፣ ስለ ደሙም። ረጅም ጊዜ ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ ሴት ሐኪም ማክሰኞ ማክሰኞ እንደምትገባ ከጎረቤት መስማታቸውን ነገሯት። «ሰኞ ማታ ደውዪልኝ» አሏት፤ «እረሳለሁ ብዬ ሳይሆን፣ እንዳልፈራ።»